የእባብ ‹‹ሞርፍ›› ስምና ዋጋ፦ ማን ያወጣዋል? ለምንስ ይወድቃል?

በ2020 ማብቂያና በ2021 መጀመሪያ አካባቢ አንድ የእባብ ፎቶ ዓለምን ዞሮ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እባቡ ነጭ ነው። ነጩ ላይ ጣል ጣል ያሉ ብርቱካናማ ጥፍጣፊዎች አሉበት። ከነሱ ውስጥ ሦስቱ ቁርጥ ፈገግ ያለ ፊት ይመስላሉ። ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍ፣ በስልክ የምንላላከው ኢሞጂ ራሱ። ያረባው በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የሚሠራው ጀስቲን ኮቢልካ ነው። 8 ዓመት እንደፈጀበትና በ6,000 ዶላር እንደሸጠው በዜና ተነገረ።

ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበረው። ቀለም ቀብተውት ነው? አዲስ የእባብ ዝርያ ተገኘ እንዴ? ደግሞስ ያው ዓይነት እባብ ከ50 ዶላር በታች እየተሸጠ ይሄኛው ለምን 6,000 ያወጣል?

ቀለም አልተቀባም። አዲስ ዝርያም አይደለም። የዋጋው ነገር ግን ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ከቀለም ይልቅ የሚያያዘው ከዕድል፣ ከጊዜ እና ከሰዎች ስምምነት ጋር ነው።

ሞርፍ ማለት ምንድን ነው?

ሞርፍ ማለት ያው አንድ ዓይነት እባብ ሆኖ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፍ ምክንያት ቀለሙ ወይም ዥጉርጉርነቱ ከተለመደው የተለየ ማለት ነው። ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የሚወጣ ክልስ አይደለም። ሁለት የተለያየ ሞርፍ ያላቸው እባቦች እንደማንኛውም የአንድ ዝርያ እንስሳት ይዋለዳሉ።

በዚህ ገበያ ዋናው ተዋናይ ቦል ፓይተን የሚባለው ትንሽ ዘንዶ ነው። የትውልድ ቦታው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሀል አድርጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። መርዝ የለውም። በዱር ቡናማና ጥቁር ነው፤ ቅጠልና አፈር መሀል ሲተኛ ለማየት ያስቸግራል።

የእባብ ቆዳ ቀለም ከጥቂት ነገሮች ድምር ይመጣል። ሜላኒን ጥቁሩንና ቡናማውን ይሰጣል። ሌሎች ቀለም ሰጪዎች ቢጫውንና ቀዩን ይሰጣሉ። ብርሃን የሚያንጸባርቁ ሴሎች ደግሞ አሉ። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል እባቡ ሌላ ይመስላል። ሜላኒኑ ሲጠፋ ቢጫና ነጭ ሆኖ ቀይ ዓይን ያለው አልቢኖ ይወጣል። ቢጫው ሲጠፋ ግራጫና ጥቁር የሆነ አክዛንቲክ ይወጣል። ሁለቱም ሲጠፉ ነጣ ያለ ይሆንና ‹‹ስኖው›› ይባላል። እንዲህ ያሉ እባቦች በተፈጥሮም ይወለዳሉ። ግን ጫካ ውስጥ ነጭ ሆኖ መታየት ለማንም አይበጅም፤ አብዛኞቹ ሳያድጉ ይበላሉ።

‹‹ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፍ›› የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው እሷን ከመዝለል ነው። እንቁላሉ የታቀፈበት ሙቀት ሲዛባ ለየት ያለ መልክ ያለው እባብ ሊፈለፈል ይችላል። ያ ሞርፍ አይደለም፤ ልጆቹ ተራ ይሆናሉ። ኢሞጂ ያለበት እባብም ‹‹ኢሞጂ ሞርፍ›› የሚባል ነገር የለውም። ሁለት ሞርፎች ናቸው ያሉት፤ ላቬንደር አልቢኖ እና ፓይቦልድ። ፓይቦልድ ማለት ቡራቡሬ ነው፤ ነጭ ገላ ላይ ቀለም ያረፈባቸው ቦታዎች አሉት። ቡራቡሬ መሆን ይወረሳል። ጥፍጣፊው የት ያርፋል፣ ምን ይመስላል የሚለው ግን የዕድል ጉዳይ ነው። የዚያ እባብ ልጆች ፈገግ እንዲሉ የሚያደርግ ጂን የለም።

ጂኑ እንዴት ነው የሚሠራው?

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ። ስሙም ዋጋውም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ እባብ ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንድ ከአባቱ፣ አንድ ከእናቱ። ሞርፍ የሚፈጠረው ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም የተለወጡ ሲሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ሪሴሲቭ ይባላል። መልኩ የሚወጣው ሁለቱም ቅጂዎች የተለወጡ ከሆነ ብቻ ነው። አልቢኖ፣ ፓይቦልድ፣ ክላውን፣ አክዛንቲክ እዚህ ውስጥ ናቸው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው እባብ ሲያዩት ተራ ነው፤ ጂኑን ግን በውስጡ ይዞ ይዞራል። በገበያው እንዲህ ያለው እባብ ‹‹ሄት›› ይባላል። ሁለት የአልቢኖ ሄቶች ቢጋጠሙ ከ4 ልጆች በአማካይ 1 አልቢኖ፣ 2 ሄት፣ 1 ምንም የሌለው ይወጣል።

ችግሩ 2ቱ ሄቶችና ምንም የሌለው 1 በመልክ አንድ ናቸው። ከ3ቱ ተራ መሳይ እባቦች 2ቱ ጂኑን ይዘዋል፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይታወቅም። ሻጩ ሦስቱንም ‹‹66% ሄት›› ብሎ ያወጣቸዋል። ብዙ ጀማሪ ይሄን ‹‹የጂኑ 66 ከመቶ አለው›› ብሎ ይረዳዋል። አይደለም። ጂኑ ወይ አለ ወይ የለም። 66 ከመቶው የመኖሩ ዕድል ነው። አንዱ ወላጅ ብቻ ሄት ከሆነ ደግሞ ዕድሉ ግማሽ ይሆናል፤ ‹‹50% ሄት›› ይባላል። አንድ ወላጅ ሙሉ አልቢኖ ከሆነ ልጆቹ በሙሉ ያለ ጥርጥር ቢያንስ አንድ ቅጂ አላቸው፤ ‹‹100% ሄት›› የሚባሉት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛውን ዓይነት ነጋዴዎቹ ‹‹ኮዶም›› ይሉታል። የዘረመል ባለሙያዎች ያልተሟላ የበላይነት ማለቱ ነው ትክክል ይላሉ፤ ገበያው ግን አልሰማቸውም። እዚህ አንድ ቅጂ ብቻውን መልኩን ይለውጣል፤ ሁለት ቅጂ ሲሆን ደግሞ ሌላ፣ የባሰ የተለወጠ መልክ ይመጣል። ሁለት ቅጂ ያለው ‹‹ሱፐር›› ይባላል። የሎው ቤሊ የሚባለውን ሞርፍ ልምድ የሌለው ሰው ከተራ እባብ አይለየውም። ሁለት የሎው ቤሊዎች ሲጋጠሙ ግን ከ4ቱ 1 ነጣ ያለ ‹‹አይቮሪ›› ይሆናል። ሁለት ሞሃቬዎች ደግሞ ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ዓይን ያለው ልጅ ይሰጣሉ። በየጊዜው ‹‹በዓለም ላይ ብርቅዬ የሆነው ሰማያዊ ዓይን ያለው ነጭ እባብ›› ተብሎ የሚዞረው ፎቶ ብዙውን ጊዜ ይሄው ነው። ወላጆቹ ቡናማ ናቸው።

ዶሚናንት የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ አንድ ቅጂም ሁለት ቅጂም መልኩ ያው ነው። በዚህ ሁሉ ሕግ የማይመራ ደግሞ አለ፦ ቀያዩን ከቀያዩ እየመረጡ ለብዙ ትውልድ በማጋጠም የሚደመቅ ቀለም። ብዙ ጂን ስለሚሳተፍበት በስሌት አይያዝም፤ የአርቢው ዓይን ነው ሥራውን የሚሠራው።

ስሙን ማን ያወጣዋል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሞርፍን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴው ነው። ስም የሚያጸድቅ ቢሮ የለም፣ ማህተም የለም፣ ሁሉም የሚታዘዝለት መዝገብም የለም። ያለው ልማድ ነው፦ መጀመሪያ ጂን መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ስም የማውጣት መብት አለው።

ማረጋገጡ ነው ከባዱ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዱር ነው። ጋና፣ ቶጎና ቤኒን ለዓመታት ብዙ ቦል ፓይተን ወደ ውጭ ልከዋል። ከብዙ ሺህ ቡናማ እባቦች መሀል አንድ ቀለሟ ለየት ያለ ትገኛለች። ላኪዎቹ የዚህን ነገር ዋጋ ቶሎ ስለገባቸው እንግዳ መልክ ያለውን ለይተው በውድ መሸጥ ጀመሩ። ገና ያልተረጋገጠ፣ ‹‹ምናልባት ጂን ይሆናል›› ተብሎ የሚገዛ እባብ በነሱ አነጋገር ‹‹ዲንከር›› ነው። ሎተሪ ልትሉት ትችላላችሁ።

ገዢው ዲንከሩን ያሳድጋል፣ ከተራ እባብ ጋር ያጋጥመዋል። ልጆቹ ላይ መልኩ ከታየ ጥሩ ነው። ካልታየ ግን ተስፋ አይቆረጥም፤ ሪሴሲቭ ሊሆን ስለሚችል ሴት ልጆቹ አድገው ከአባታቸው ጋር እስኪጋጠሙ ይጠበቃል። አንዲት ሴት ቦል ፓይተን ለመውለድ 3 ዓመት ገደማ ትፈልጋለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ምንም ላይወጣ ይችላል። ሲወጣ ነው ‹‹ፕሩቭ አደረገ›› የሚባለው። የመጀመሪያው የቦል ፓይተን አልቢኖ በዚህ መንገድ በ1992 በአሜሪካዊው ቦብ ክላርክ እጅ ተረጋገጠ። ፓይቦልድ በ1997፣ ስፓይደር በ1999 ተከተሉ። ዛሬ ቅልቅሎቹን ጨምሮ በስም የተመዘገቡት መልኮች በሺዎች ይቆጠራሉ።

ስሞቹ ራሳቸው የወጡበት ዘመን ይታወቅባቸዋል። የድሮዎቹ ሳይንስ ሳይንስ ይሸታሉ፦ አልቢኖ፣ አክዛንቲክ፣ ሃይፖ። ቀጥሎ መልክን የሚገልጹት መጡ፦ ስፓይደር፣ ክላውን፣ ባናና፣ ፒንስትራይፕ። ኮርን ስኔክ በሚባለው የአሜሪካ እባብ ደግሞ የቦታ ስም አለ፤ ኦኪቲ የሚባለው ደማቅ ብርቱካናማ መልክ ስሙን ያገኘው ከደቡብ ካሮላይና የኦኪቲ አደን ክለብ ነው። መልክን ጨርሶ የማይናገሩት፣ ሚስቲክ፣ ፋንተም፣ ሻምፓኝ የሚባሉት፣ ገበያው ከሞቀ በኋላ የመጡ ናቸው። ጂኤችአይ የሚባል ሞርፍ አለ። ፊደላቱ የሳይንስ ቃል ምህጻር ይመስላሉ፤ ሲዘረዘሩ ግን ‹‹የግድ ሊኖረኝ ይገባል›› የሚል ትርጉም ያለው እንግሊዝኛ ነው። ያገኘው ሰው ሲያየው የተሰማውን ነው ስም ያደረገው። እኔ በበኩሌ ከነሻምፓኝ ይሄ ይሻለኛል፤ ቢያንስ አልደበቀም።

ጂኖች ሲደራረቡ ደግሞ ቅልቅሉ የራሱ ስም ይወጣለታል። ፓስቴል እና ስፓይደር ሲገናኙ ‹‹በምብል ቢ›› ይባላል። ፓስቴሉ ሱፐር ከሆነ ‹‹ኪለር ቢ›› ነው። ፓስቴል ከፒንስትራይፕ ጋር ‹‹ሌመን ብላስት››። እንዲህ እየተባለ ተሄደና ጂኖቹ 4 እና 5 ሲሆኑ ስም አለቀ። አሁን አብዛኛው አርቢ ጂኖቹን በተርታ መዘርዘር ይመርጣል። ረጅም ነው፤ ግን ገዢው የሚገዛውን ያውቃል።

አንድ ስም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው?

አይደለም። ገንዘብ የሚያስከስረውም ይሄ ነው።

‹‹ጎስት››ን ውሰዱ። ቦል ፓይተን ላይ ጎስት ማለት ጥቁሩን ቀለም የሚያደበዝዘው፣ ሃይፖ የሚባለው አንድ ጂን ነው። ኮርን ስኔክና ቦአ የሚባለው ሌላ ትልቅ እባብ ላይ ግን ጎስት ማለት የሁለት ጂኖች ቅልቅል ነው፤ ሃይፖ እና ቀይ ቀለምን የሚያጠፋው አነሪ። የአንዱን ዝርያ ስም ለሌላው ይዞ የሄደ ሰው ስሌቱ ሁሉ ይፋለስበታል።

ከዚህ የከፋው ስሙ አንድ ሆኖ ጂኑ ሌላ ሲሆን ነው። ቦአ ላይ ካል አልቢኖ እና ሻርፕ አልቢኖ የሚባሉ ሁለት መስመሮች (የዘር ሐረጎች) አሉ፤ ሁለቱም የተሰየሙት በአርቢዎቻቸው ስም ነው። ሁለቱም አልቢኖ ናቸው። አንዱን ከሌላው ብታጋጥሙ ግን ልጆቹ በሙሉ ተራ ቀለም ይኖራቸዋል። ምክንያቱም ቀለሙ የተቋረጠው በሁለት የተለያየ ቦታ ነው፤ ልጁ ከእያንዳንዱ ወላጅ የሌላውን ጉድለት የሚሸፍን ጤነኛ ቅጂ ያገኛል። የቦል ፓይተን አክዛንቲክ መስመሮችም ብዙዎቹ እንዲሁ አይግባቡም። ‹‹አክዛንቲክ ነው›› ብሎ ዝም የሚል ማስታወቂያ ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ፤ የየትኛው መስመር?

ተቃራኒውም አለ፦ ጂኑ አንድ፣ ስሙ ሁለት። ባናና እና ኮራል ግሎው በተለያዩ አርቢዎች እጅ ተነስተው በተለያየ ስም ተሸጡ። ዛሬ አንድ ጂን እንደሆኑ ብዙው አርቢ ተስማምቷል። ሌሰር እና በተር ላይም ያው ነው። ስማቸው ግን አሁንም ሁለት ነው። ሰው በውድ የገዛውን ስም በቀላሉ አይጥልም።

ክርክሩን አሁን ቤተ ሙከራ እየዳኘው ነው። በአሜሪካ የኢስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አርቢዎችና ባለቤቶች የላኩላቸውን የእባብ ገፈፋ፣ ማለትም እባቡ አውልቆ የጣለውን ቆዳ፣ እየመረመሩ በ2022 አልቢኖ፣ ላቬንደር አልቢኖ እና አልትራሜል የሚባሉት ሞርፎች ከየትኞቹ ጂኖች እንደሚመጡ አሳዩ። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ጂኖች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለአንዳንድ ሞርፎች ገፈፋ ልኮ ማስመርመር ተችሏል። 66% ሄት የሚለው ግምትም ለነዚህ ሞርፎች ‹‹አለ›› ወይም ‹‹የለም›› ወደሚል መልስ ተለወጠ።

ዋጋው ታዲያ ከየት ይመጣል?

ከመልኩ ማማር ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። የሚያምር ርካሽ እባብ ሞልቷል። ለዓይን እምብዛም የማይስብ፣ በሺዎች የሚሸጥም አለ። ዋጋውን የሚሠራው ‹‹እንደሱ ያለ ሌላ ለማግኘት ስንት ጊዜና ስንት እንቁላል ይፈልጋል? አሁንስ ስንት ሰው እጅ ላይ አለ?›› የሚለው ነው።

እንቁላሉን እንቁጠረው። ቦል ፓይተን በአንድ ጊዜ 6 ገደማ እንቁላል ትጥላለች፤ ከዓመት አንድ ጊዜ በላይም አትጥልም፤ የምትዘልበት ዓመትም አለ። አንድ ሪሴሲቭ ከሁለት ሄቶች የመውጣት ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ሁለት ሪሴሲቭ አንድ እባብ ላይ እንዲገናኙ፣ ሁለቱም ወላጆች ለሁለቱም ጂን ሄት ከሆኑ፣ ዕድሉ ከ16 አንድ ይሆናል። ይህ ማለት በአማካይ ወደ 3 የሚጠጋ ጥለት (አንድ ጥለት በአንድ ጊዜ የሚጣለው እንቁላል ነው) ለአንድ ልጅ። ሦስት ሪሴሲቭ ሲሆን ከ64 አንድ፤ 11 ጥለት ገደማ። ደግሞ አማካይ ነው፤ ዕድል ካልቀናችሁ ይበልጣል። እነዚያን ሄት ወላጆች ለማግኘት ራሱ ቀደም ብሎ አንድ ትውልድ ማሳደግ ነበረባችሁ። የኢሞጂው እባብ ላቬንደር አልቢኖም ፓይቦልድም ሪሴሲቭ ናቸው። 8 ዓመቱ የሄደው ወርቃማ ብርቱካናማና ነጭ እባብ ፍለጋ ነው፤ ፈገግታው ምርቃት ነው።

ከዚህ በላይ የሚጨመሩ ነገሮች አሉ። የመስመሩ ንጽህና፣ የቀለሙ ጥራት፣ ያለ ችግር መመገቡ። በተለይ መመገቡ፦ ቦል ፓይተን ምግብ በመተው የታወቀ ነው፤ በደንብ የማይበላ ውድ ሞርፍ ራስ ምታት ነው።

ጾታም ዋጋ አለው፤ አቅጣጫው ግን ይለዋወጣል። በተለመዱ ሞርፎች ሴቷ ትወደዳለች፤ ለማሳደግ ዓመታት ትፈልጋለች፣ እንቁላሉም የሷ ነው። አዲስ በወጣ ኮዶም ጂን ላይ ግን ወንዱ ይፈለጋል። አንድ ወንድ ገና ዓመት እንደሞላው አካባቢ ይደርሳል፣ በአንድ ወቅትም ከብዙ ሴቶች ጋር ይጋጠማል። ባናና ላይ ደግሞ አርቢዎቹን ለረጅም ጊዜ ያስገረመ ነገር ታየ። አንዳንድ ባናና ወንዶች የሚሰጧቸው ባናና ልጆች ሁሉም ለማለት ይቻላል ወንድ ናቸው፤ የሌሎቹ ደግሞ ሴት። አርቢዎቹ ‹‹ሜል ሜከር›› እና ‹‹ፊሜል ሜከር›› እያሉ ለይተው ይሸጧቸው ጀመር። ምክንያቱ ጂኑ ጾታን በሚወስነው ክሮሞዞም ላይ መቀመጡ ነው። ሳይንቲስቶች እባቦች በሙሉ በዚህ ረገድ እንደ ወፎች ናቸው፣ የልጁን ጾታ የሚወስነው ከእናት የሚመጣው ክሮሞዞም ነው ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። በ2017 የታተመ ጥናት ግን ቦአና ፓይተን ላይ ነገሩ እንደ ሰው፣ ከአባት በሚመጣው ኤክስ ወይም ዋይ፣ መሆኑን አሳየ። ነጋዴው ምክንያቱን ሳያውቅ ዋጋ አውጥቶለት ነበር ማለት ነው።

ለምን ይወድቃል?

አዲስ የወጣ ስልክም መጀመሪያ ውድ ነው፣ ቆይቶ ይረክሳል። ልዩነቱ ስልክ ስልክ አይወልድም።

አንድ አዲስ ኮዶም ጂን ያለው ወንድ አለ እንበል። በአንድ ወቅት ከ5 ሴቶች ጋር ተጋጠመ፣ እያንዳንዷ 6 እንቁላል ጣለች። 30 ልጆች፤ ግማሾቹ፣ 15ቱ፣ ጂኑን ይዘዋል። ከ15ቱ 7 ያህሉ ወንድ ናቸው። እነሱ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው እንደ አባታቸው ቢያደርጉ 105 አዲስ ይወጣል። ከነዚያ 52ቱ ወንዶች ደግሞ 780። ይህ የወረቀት ሂሳብ ነው፤ በተግባር የሚሞት፣ የማይጋጠም፣ የማይሸጥ አለ። ግን አካሄዱን ያሳያል፦ ከአንድ ተነስቶ ጥቂት መቶ ለመድረስ 4 እና 5 ዓመት በቂ ነው።

ባናና መጀመሪያ ሲወጣ በአስር ሺዎች ዶላር ነበር። ዛሬ አንድ ጂን ብቻ ያለው ባናና መቶ ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይገኛል። ፓስቴል የጥቂት አስር ዶላሮች ነገር ሆኗል። ሪሴሲቮቹ ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ተራ መስለው ስለሚወጡ ገበያው የሚጥለቀለቀው ዓመታት ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ አርቢዎች ለምን አዲስ ስም እንደሚወዱ ይገባናል። አዲስ ስም ሰልፉን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የሚከፍሉት ለእባቡ ብቻ ሳይሆን ለሰልፉ ቦታ ነው፤ ልጆቹን ገና ውድ ሳለ ለመሸጥ። የመጨረሻዎቹ ደግሞ የቤት እንስሳ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው፤ ለነሱ መርከሱ ደስታ ነው። መሀል ላይ ‹‹ኢንቨስትመንት ነው›› ተብሎ የገባው ነው የሚጎዳው።

ህግም ዋጋ ያንቀሳቅሳል። አሜሪካ በ2012 በርሚዝ ፓይተን የሚባለውን ትልቅ ዘንዶ ጎጂ ዝርያ ብላ ስትፈርጅ ከግዛት ወደ ግዛት ማጓጓዝ ተከለከለ። እባቡ ያው ነው፣ ጂኑ ያው ነው፣ ገዢው ግን በአንድ ቀን ራቀ። ክልከላው በከፊል የተነሳው በ2017 በፍርድ ቤት ነው።

ስሙ የማይናገረው ምንድን ነው?

ጤናን። ስፓይደር በሚባለው ሞርፍ ላይ ጭንቅላት የመንቀጥቀጥ፣ የመጠማዘዝ፣ ምግቡን አልሞ የመሳት ችግር አለ፤ በአንዳንዱ በጥቂቱ፣ በአንዳንዱ በጣም። አርቢዎች ‹‹ወብል›› ይሉታል። በ2022 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት የስፓይደሮችን ጭንቅላት በሲቲ ስካን አንስቶ፣ ሚዛን የሚጠብቁት የውስጥ ጆሮ ክፍሎች ቅርጻቸው የተዛባ መሆኑን አሳይቷል። ችግሩ ከአያያዝ የመጣ አይደለም፤ ከቀለሙ ጋር አብሮ የሚወረስ ነው። በብሪታንያ ኢንተርናሽናል ሄርፔቶሎጂካል ሶሳይቲ የተባለው ማህበር በ2018 ስፓይደር በትርዒቶቹ ላይ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሌሎች ብዙ ቦታዎች ግን አሁንም ይሸጣል።

በምብል ቢ ውስጥ ስፓይደር እንዳለ ከላይ አይተናል። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ግን በምን ያውቃል? እንደ ንብ ቢጫና ጥቁር ነው፣ ያምራል፣ አለቀ። ጂኖቹን መዘርዘር የሚሻለው ለዚህም ጭምር ነው። ዴዘርት የሚባል ሌላ ሞርፍ አለ፤ ሴቶቹ ጤናማ እንቁላል መጣል አይችሉም፣ ሲሞክሩ የሚሞቱም አሉ። ይህ የታወቀው ብዙ ሰው በውድ ከገዛ በኋላ ነው።

ማስታወቂያ እንዴት ይነበባል?

‹‹0.1 ፓስቴል ክላውን 66% ሄት ፓይድ›› የሚል ማስታወቂያ አያችሁ እንበል። ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር ወንድ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ሴት ነው፤ ስለዚህ 0.1 አንድ ሴት ናት። 1.0 ቢሆን ወንድ፣ 1.2 ቢሆን አንድ ወንድና ሁለት ሴት። ፓስቴል ያለ ሱፐር ስለተጻፈ አንድ ቅጂ ነው። ክላውን ሪሴሲቭ ነው፤ በመልክ ስለወጣ ሁለት ቅጂ አላት፣ ልጆቿ በሙሉ ቢያንስ አንድ ይወስዳሉ። ፓይድ የፓይቦልድ አጠራር ነው፤ ልትይዘው ትችላለች፣ ላትይዘውም ትችላለች፤ ሁለቱም ወላጆቿ ሄት ነበሩ ማለት ነው።

የዋጋው ትልቁ ክፍል የክላውኑ ነው። ፓስቴሉ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ለ66 ከመቶው ብዙ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ የሁለቱንም ወላጆች ፎቶና የአብረዋት የተፈለፈሉትን ፎቶ ጠይቁ። ከዚያው ጥለት አንድ እንኳ ቡራቡሬ ወጥቶ ከሆነ ወላጆቹ እውነትም ሄት ነበሩ። ካልወጣ ግን ያላችሁ የሻጩ ቃል ብቻ ነው፤ ገፈፋዋን አስመርምሮ እንዲሸጥላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።